ሙዚቃ፤ ሲኒማና ጨዋታ ወደ ሊኑክስ የገቡበት ታሪክ



አንድ ሰው ወደ ሱቅ ገብቶ በገንዘቡ የሲኒማ ዲስክ ገዛ እንበል። ዋጋውን ከፈለ፤ ደረሰኙን ተቀበለ፤ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። በቤቱ ያለው ኮምፒዩተር የዲስክ ማንበቢያ አለው፤ ምስል የሚታይበት መስኮትና ድምፅ ማሰሚያውም ደኅና ናቸው። ዲስኩን ሲያስገባው ግን ምንም ነገር አይታየውም። ምክንያቱን ቢመረምር ከዕቃዎቹ አንዱ ስለ ተበላሸ አይደለም፤ ኮምፒዩተሩን የሚመራው ዋና ፕሮግራም የዲስኩን ቁልፍ እንዲይዝ ከቁልፉ ባለቤቶች ፈቃድ ያላገኘ በመሆኑ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሊኑክስ በተባለው ነጻ ሥርዓት ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች በዚህ ሁኔታ ውስጥ ይገኙ ነበር። በሙዚቃና በጨዋታ በኩል የገጠማቸውም ችግር፤ መልኩ ቢለያይ፤ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። በዛሬው ንግግሬ ይህ ችግር ከምን እንደ መነጨ፤ በማንና በምን ዘዴ እንደ ተቃለለ፤ እስከ ዛሬ ያልተፈታውም የትኛው እንደ ሆነ ለመግለጽ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ሥርዓተ ክወና ስለሚባለው ነገር ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤቱ ማመልከቻውን ከባለጉዳዩ ተቀብሎ፤ ቁጥር ሰጥቶ፤ ወደሚመለከተው ክፍል እንደሚመራ ሁሉ፤ ሥርዓተ ክወናም የልዩ ልዩ ፕሮግራሞችን ጥያቄ እየተቀበለ ለኮምፒዩተሩ ክፍሎች ያስተላልፋል። አንድ ጨዋታ ሥዕል ለማሳየት፤ አንድ የሙዚቃ ፕሮግራም ድምፅ ለማሰማት ሲፈልግ በገዛ እጁ አያደርገውም፤ ለሥርዓተ ክወናው ያመለክታል እንጂ። በዓለም ላይ በግል ኮምፒዩተሮች ዘንድ እጅግ የተስፋፋው ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጠው ዊንዶውስ ነው፤ የዊንዶውስም የውስጥ ጽሑፍ የኩባንያው ምስጢር ነው። ሊኑክስ ግን የተወለደው በተለየ መንገድ ነው። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ማንም ሰው ሊያነበው፤ ሊያርመውና ለሌላው ሊያካፍለው የሚችል ሙሉ ሥርዓት ለማዘጋጀት ማሰቡን አስታወቀ። በ1991 ደግሞ በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የሥርዓቱ እምብርት የሚሆነውን ክፍል ጽፎ ለሁሉ አቀረበ። ሁለቱ ሥራዎች ተጋጥመው ዛሬ በልማድ ሊኑክስ የምንለውን አስገኙ።

ይህ ሥርዓት ለጽሕፈት፤ ለስሌትና ለመረጃ መረብ አገልግሎት ፈጥኖ ብቁ ሆነ። ነገር ግን የኮምፒዩተሩ ባለቤት ማታ ከሥራ ተመልሶ ሙዚቃ ልስማ፤ ሲኒማ ልይ፤ ልጆቼም ይጫወቱ ባለ ጊዜ ይሰናከል ነበር። ምክንያቱም ሙዚቃውም፤ ሲኒማውም፤ ጨዋታውም የተሠሩት ሌሎች ሰዎች በወሰኑት አኳኋን ነበርና።

በሙዚቃ እንጀምር። በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ የሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም ሊቃውንት፤ ከእነርሱም መካከል ካርልሃይንትስ ብራንደንቡርግ፤ ድምፅን አሳንሶ የማስቀመጥ ጥበብ ደረሱበት። የሰው ጆሮ ብርቱ ድምፅ ሲሰማ በአጠገቡ ያለውን ደካማ ድምፅ አይለይም፤ ጆሮ የማይለየውንም ነገር ማስቀረት ይቻላል። በሲዲ ላይ በየሰኮንዱ 1,411 ኪሎቢት ገደማ የሚፈጀው ሙዚቃ በዚህ ዘዴ በ128 ኪሎቢት ሊያዝ ቻለ። ዘዴው ኤምፒ3 ተብሎ በዓለም ሁሉ ተሰማ። ይሁን እንጂ በፓተንት፤ ማለት መንግሥት ለፈልሳፊ በሚሰጠው የብቻ ተጠቃሚነት መብት፤ የተጠበቀ ነበር። በ1998 ተቋሙ የኤምፒ3 መጻፊያ ፕሮግራም በነጻ ያድሉ ለነበሩ ሰዎች ደብዳቤ ጻፈ፤ ፈቃድ ማውጣትና መክፈል እንደሚገባቸውም አስታወቀ።

እዚህ ላይ ነገሩን በቅንነት መመልከት ይገባል። ፈልሳፊዎቹ ብዙ ዓመት ደክመዋል፤ የድካማቸውን ዋጋ መጠየቃቸው ነውር አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። ክፍያው የሚታሰበው በቅጂ ብዛት ሲሆን፤ የነጻ ፕሮግራም ቅጂ ስንት እንደ ሆነ ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ አንዱ ለዐሥር ሰው ይሰጣል፤ ዐሥሩ ለመቶ ያዳርሳሉ። ከሥራው ምንም ገቢ የሌለው ሰው በማያውቀው ቁጥር ተባዝቶ የሚመጣበትን ዕዳ እሺ ብሎ ሊፈርም እንዴት ይችላል? ስለዚህ ሬድ ሃት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2002 ባወጣው የሊኑክስ እትም ውስጥ የኤምፒ3 ማሰሚያን ፈጽሞ አስቀረው። ባለቤቱ ሙዚቃውን ለመስማት ከፈለገ ማሰሚያውን ከሌላ ስፍራ ፈልጎ፤ ኀላፊነቱንም ራሱ ወስዶ፤ ማስገባት ነበረበት። ለጀማሪ ሰው ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም፤ ብዙዎችም በዚህ ምክንያት ብቻ ሊኑክስን እንደ ተዉት መገመት አያስቸግርም።

ክሪስ ሞንትጎመሪ የተባለ አሜሪካዊ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ ከፓተንት ነጻ የሆነ ሌላ የድምፅ ማሳነሻ ዘዴ አዘጋጀ፤ ቮርቢስ የተባለው ይኸው ዘዴ በ2002 የመጀመሪያውን ሙሉ እትሙን አገኘ። በድምፁ ጥራት የሚታማ አልነበረም። ነገር ግን ሕዝቡ ሙዚቃውን አስቀድሞ በኤምፒ3 አከማችቶ ነበርና፤ የተሻለ ቋንቋ ቢዘጋጅለት የቀድሞ መጻሕፍቱን ሁሉ እንደ ገና ለመጻፍ አልፈቀደም። በመጨረሻ ነገሩን የፈታው ጊዜ ራሱ ነው። ፓተንት ዕድሜ አለው፤ የኤምፒ3 ፓተንቶች ዕድሜያቸውን ጨርሰው የፈቃድ ሽያጩ በአፕሪል 2017 ተዘጋ። ፌዶራ የተባለው የሊኑክስ እትምም የማሰሚያውን ፕሮግራም ጥቂት ቀደም ብሎ፤ የመጻፊያውን ደግሞ ያን ጊዜ ያለ ስጋት በውስጡ አኖረ። ለአንድ ዘፈን ማሰሚያ ሃያ ዓመት ያህል መጠበቅ እንግዲህ እንዲህ ነው።

የሲኒማው ጉዳይ ግን በጊዜ ብዛት የሚፈታ ዓይነት አልነበረም፤ ወደ ፍርድ ቤት አደረሰ። ዲቪዲ የተባለው ዲስክ በ1996 መጨረሻ በጃፓን፤ በ1997 በአሜሪካ ለገበያ ሲቀርብ፤ የሲኒማ ኩባንያዎች ሥራችን እየተገለበጠ ይሸጥብናል ብለው ስለ ፈሩ ይዘቱን ሲ.ኤስ.ኤስ. በተባለ የምስጢር ጽሕፈት ቆለፉት። ቁልፉ የሚሰጠው ውል ለፈረመ፤ ገንዘብ ለከፈለና ምስጢሩን ለመጠበቅ ቃል ለገባ አምራች ብቻ ነበር። የነጻ ፕሮግራም ጽሑፍ ደግሞ ለሁሉ የተገለጠ ነው፤ የተገለጠ ጽሑፍ ምስጢር ሊሰውር አይችልም። እንግዲህ የሊኑክስ ሰዎች ገንዘቡን ሊከፍሉ ቢፈቅዱ እንኳ በውሉ ሊገቡ አይችሉም ነበር።

መቆለፊያው ራሱ ብርቱ አልነበረም። ቁልፉ 40 ቢት ብቻ የሚረዝም ነበር፤ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ጠንካራ የምስጢር ጽሕፈት ወደ ውጭ አገር እንዳይወጣ ይቈጣጠር እንደ ነበር የሚታወስ ነው። ይህም አልበቃ ብሎ ፈቃድ ካላቸው አምራቾች አንዱ፤ ዚንግ የተባለው፤ ለዊንዶውስ ባዘጋጀው የሲኒማ ማሳያ ፕሮግራም ውስጥ የራሱን ቁልፍ በደንብ ሳይሰውር ተወው። በ1999 ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለ የ15 ዓመት የኖርዌይ ልጅ፤ ስማቸውን ካልገለጡ ሁለት ሰዎች ጋር በመረጃ መረብ እየተጻጻፈ፤ መቆለፊያውን የሚፈታ ዲሲኤስኤስ የተባለ አጭር ፕሮግራም በኦክቶበር ወር ለሕዝብ አወጣ።

በጃንዋሪ 2000 የኖርዌይ ፖሊስ የልጁን ቤት ፈተሸ፤ ኮምፒዩተሮቹንም ይዞ ሄደ። በ2002 ክስ ቀረበበት። የተከሰሰበት አንቀጽ ሰው የሌላውን የተጠበቀ ጽሑፍ ሰብሮ እንዳያነብ የሚከለክለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 145 ነበር። ዳኞቹ የመረመሩት ጥያቄ ለማናችንም የሚገባ ነው፤ በሕጋዊ መንገድ ከሱቅ የተገዛ ዲስክ ለገዛው ሰው የሌላ ሰው ጽሑፍ ነውን? የኦስሎ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 7 ቀን 2003 በሰጠው ፍርድ፤ ዲስኩን የገዛ ሰው በውስጡ ያለውን ለማየት መብት እንዳለው፤ አምራቹ ባልፈቀደው መሣሪያ ቢያየውም ወንጀል እንዳልሆነ ተናግሮ ልጁን በነጻ ለቀቀው። ዓቃቤ ሕጉ ይግባኝ አለ። የይግባኙም ፍርድ ቤት በዲሴምበር 22 ቀን 2003 ፍርዱን አጸናው፤ ዓቃቤ ሕጉም ወደ ላይ ላለመሄድ ወሰነ። ቤቱ ሲፈተሽ ልጅ የነበረው ሰው ነጻነቱን ሲያገኝ 20 ዓመት ሞልቶት ነበር።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። ልጁ ፕሮግራሙን ያዘጋጀነው ሲኒማ በሊኑክስ ለማየት ነው ብሎ ቢከራከርም፤ በመጀመሪያ የወጣው ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነበር። ከሳሾች ይህንን እንደ ትልቅ ማስረጃ ቈጠሩት። የልጁ መልስ በዚያን ጊዜ ሊኑክስ የዲቪዲን የፋይል አደራደር ገና በሚገባ ስለማያነብ ሙከራው በዊንዶውስ መደረጉ ግድ ነበር የሚል ነው። መልሱ የሚታመን ነው፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ለቅጂ ነጋዴም እኩል የሚያገለግል መሆኑ ሊካድ አይችልም።

በአሜሪካ ነገሩ በተቃራኒው ወጣ። በ1998 የወጣው የዲጂታል ዘመን የቅጂ መብት ሕግ መቆለፊያ መስበሪያን ማደልን ራሱን ከልክሎ ነበር። የሲኒማ ኩባንያዎች ፕሮግራሙን ያሠራጨውን የአንድ መጽሔት አሳታሚ በኒው ዮርክ ከሰሱት፤ ዳኛ ሉዊስ ካፕላንም በኦገስት 2000 ለኩባንያዎቹ ፈረዱ። በዚያ ክርክር ወቅት ደጋፊዎች የፕሮግራሙን ጽሑፍ በሸሚዝ ላይ አትመው ይለብሱት ነበር፤ ጽሑፍ ከሆነ ቃል ነው፤ ቃልም አይከለከልም ለማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ቃል መሆኑን ተቀበለ፤ ይሁን እንጂ ሥራም የሚሠራ ቃል ስለ ሆነ ሊከለከል ይችላል አለ። እንግዲህ አንዱ ዲስክ በኦስሎ በሊኑክስ ቢታይ የሚያስጠይቅ አልሆነም፤ በኒው ዮርክ ግን መክፈቻውን ለሌላ ሰው ማሳለፍ ክልክል ሆነ።

የሕግ መለያየት በሙያው ላይ ያመጣውን ውጤት ለማየት ወደ ፈረንሳይ መሻገር ያስፈልጋል። በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው ኤኮል ሳንትራል በተባለው የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ተማሪዎች በ1996 አንድ ሥራ ጀመሩ። እንደሚነገረው የተማሪዎቹ ዋና ፍላጎት በመኖሪያቸው ፈጣን የኮምፒዩተር መረብ ማስገባት፤ በእርሱም መጫወት ነበር። ትምህርት ቤቱ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ የለኝም ስላላቸው፤ የቴሌቪዥን ሥርጭት በመረቡ አማካይነት ወደየክፍሉ የሚያስተላልፍ ፕሮግራም እንሠራለን፤ ለዚህም ፈጣን መረብ ያስፈልገናል በማለት ደጋፊ አገኙ። በዚህ ብልሃት የተጀመረው ሥራ በ2001 ነጻ ፕሮግራም ሆኖ ወጣ፤ ይኸውም ቪኤልሲ የተባለው በዓለም ዙሪያ የታወቀው የሲኒማ ማሳያ ነው። ከእርሱ ጋር የተዘጋጀው የዲቪዲ መክፈቻ የተሰረቀ ቁልፍ አይጠቀምም፤ የመቆለፊያውን ድክመት ተከትሎ ቁልፉን በስሌት ያገኘዋል። ቪኤልሲ መቀመጫው ፈረንሳይ መሆኑ ጠቅሞታል፤ የኤውሮፓ ፓርላማም በጁላይ 2005 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ወደ ፓተንት ሊያስገባ የሚችለውን የሕግ ረቂቅ በ648 ድምፅ ተቃውሞ፤ በ14 ድጋፍ ጥሎታል። በአሜሪካ የተቋቋሙ የሊኑክስ ኩባንያዎች ግን መክፈቻውን በእትማቸው ውስጥ ለማኖር አልደፈሩም።

አሁን ወደ ጨዋታ እንለፍ። ጨዋታ ሲባል ለአንዳንዱ አድማጭ የልጆች ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሰው ሥርዓተ ክወናውን እንዳይለውጥ አጥብቀው ከሚያስሩት ነገሮች አንዱ ጨዋታ ነው፤ ደብዳቤ በማናቸውም ፕሮግራም ሊጻፍ ይችላል፤ የገዛኸው ጨዋታ ግን በሌላ ሥርዓት ካልሠራ ምትክ የለውም።

በመጀመሪያ የተሞከረው መንገድ የጨዋታውን ባለቤት ማስፈቀድ ነበር። ስኮት ድሬከር የተባለ ጠበቃ የነበረ ሰው በ1998 ሎኪ የተባለ ኩባንያ በአሜሪካ አቋቋመ። ኩባንያው ከጨዋታ ባለቤቶች ጋር እየተዋዋለ የዊንዶውስ ጨዋታዎችን ለሊኑክስ እንደ ገና ያዘጋጅ ነበር፤ ከ1999 ጀምሮም በርከት ያሉ ጨዋታዎች አወጣ። ሥራው የተመሰገነ፤ ገቢው ግን ጥቂት ነበር። ሊኑክስ ይጠቀም የነበረው ተጫዋች በአብዛኛው በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ዊንዶውስንም ያኖር ስለ ነበር የሎኪን እትም እስኪወጣ ድረስ አይጠብቅም፤ ጨዋታው በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ለዊንዶውስ ይገዛው ነበር። ኩባንያው በ2001 ለኪሳራ አመለከተ፤ በጃንዋሪ 2002 ተዘጋ። ነጋዴዎችም ከዚያ በኋላ ተጫዋች ስለሌለ ጨዋታ አናዘጋጅም አሉ፤ ተጫዋቾችም ጨዋታ ስለሌለ አንመጣም አሉ።

ሁለተኛው መንገድ ማንንም ሳያስፈቅዱ መተርጐም ነበር፤ በእኔም አስተያየት ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚያስደንቀው ክፍል ይህ ነው። በ1993 ቦብ አምስታድትና ኤሪክ ያንግዴል ዋይን የተባለ ሥራ ጀመሩ፤ ከ1994 ጀምሮ እስከ ዛሬ የሚመራው አሌክሳንደር ዡልያር ነው። ሐሳቡን በመሥሪያ ቤት ምሳሌ ልግለጽ። የዊንዶውስ ጨዋታ የአንድ መሥሪያ ቤት ሥነ ሥርዓት ብቻ የሚያውቅ ባለጉዳይ ነው፤ ማመልከቻውን ሁልጊዜ ለእነዚያው ሹማምንት፤ በዚያው ቅጽ ይጽፋል። ወደ ሊኑክስ ሲመጣ እነዚያ ሹማምንት የሉም፤ ማመልከቻውም የሚቀበለው አያገኝም። የዋይን ሰዎች ያደረጉት በሊኑክስ ውስጥ በእነዚያው ማዕረጎች የሚጠሩ ጠረጴዛዎች ማዘጋጀት ነው። ባለጉዳዩ የለመደውን ቅጽ ያቀርባል፤ ከጠረጴዛው በስተ ኋላ ያለው ጸሐፊ በሊኑክስ ቋንቋ ጽፎ ያስፈጽመዋል፤ መልሱንም በዊንዶውስ ልማድ አድርጎ ይመልስለታል። ባለጉዳዩ ሌላ መሥሪያ ቤት መግባቱን ፈጽሞ አያውቅም።

ይህን በቃል መናገር ቀላል ነው። ጠረጴዛዎቹ ግን በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው፤ የዊንዶውስም የውስጥ ጽሑፍ ምስጢር ስለ ሆነ ቢሮው በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ማየት አይፈቀድም። የዋይን ሰዎች ትንንሽ የመፈተኛ ፕሮግራሞች እየጻፉ በዊንዶውስ ላይ ያስኬዱና የሚመለሰውን መልስ ይመዘግባሉ፤ ከዚያም የራሳቸው ጠረጴዛ ያንኑ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ያርማሉ። እንዲያውም ዊንዶውስ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥበት ጉዳይ ቢኖር ስሕተቱን ራሱን መቅዳት ይገባቸዋል፤ ጨዋታው የለመደው ያንን ስሕተት ነውና። በዚህ አኳኋን ሥራው 1.0 የተባለውን እትም ለማውጣት 15 ዓመት ፈጀ፤ የወጣውም በጁን 2008 ነው።

በመካከሉ አንድ ክርክር ተነሣ። የዋይን ጽሑፍ በመጀመሪያ ማንም እንደ ፈቀደ ሊጠቀምበት በሚችል የላላ ፈቃድ ይታደል ነበር። ትራንስጌሚንግ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ጽሑፉን ወስዶ ጨዋታ በሚያሠራ በኩል አሻሻለው፤ በየወሩ ክፍያ ለሚከፍሉም ሰዎች ይሸጥ ጀመር። ያሻሻለውን ሁሉ ግን ለዋይን አልመለሰም። ሕግ አልጣሰም፤ ፈቃዱ እንዲህ እንዲያደርግ ይፈቅድለት ነበር። ነገር ግን በነጻ የደከሙት ሰዎች ቅር አላቸው፤ በማርች 2002 ፈቃዱን ለወጡት። ከዚያ ወዲህ ጽሑፉን አሻሽሎ የሚያከፋፍል ሁሉ ማሻሻያውን እንዲገልጥ ግዴታ ሆነበት። ኮድዊቨርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ግን በንግድ እየኖረ ሥራውን ለዋይን ያበረክት ነበር፤ ዡልያርም የዚሁ ኩባንያ ሠራተኛ ነው። የፈቃዱ ለውጥ ጥቅም ምን እንደ ነበረ የታየው ከ16 ዓመት በኋላ ነው።

ይኸውም እንዲህ ነው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስቲም በሚባለው የመረብ ሱቁ የኮምፒዩተር ጨዋታ በመሸጥ በዓለም የታወቀ ነው። ሱቁ የቆመው ግን በሌላ ሰው መሬት፤ በዊንዶውስ ላይ ነበር። በ2012 ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 8 ውስጥ የራሱን ሱቅ ባስገባ ጊዜ የቫልቭ መሪ ጌብ ኒውዌል፤ ራሱ ቀድሞ በማይክሮሶፍት 13 ዓመት የሠራ ሰው፤ ነገሩ ለኮምፒዩተር ንግድ ሁሉ ጥፋት እንደ ሆነ በአደባባይ ተናገረ፤ ሊኑክስንም እንደ መሸሸጊያ ያዘ። ኩባንያው በ2013 ሱቁን በሊኑክስ ላይ ከፈተ፤ በ2015 በሊኑክስ የሚሠሩ የጨዋታ ኮምፒዩተሮች በሌሎች አምራቾች አማካይነት ለገበያ አቀረበ። ገዢ አላገኙም። የሎኪ ታሪክ ተደገመ፤ ጨዋታ የለም፤ ስለዚህ ተጫዋች የለም።

ያን ጊዜ ቫልቭ ልመናውን ትቶ ወደ ተርጓሚዎቹ ዞረ። ከኮድዊቨርስ ጋር ሆኖ በዋይን ላይ የተመሠረተ ፕሮቶን የተባለ ፕሮግራም በኦገስት 2018 አወጣ። በዚሁ ጊዜ አንድ ጀርመናዊ፤ ፊሊፕ ረቦህሌ፤ ኒር አውቶማታ የተባለውን የጃፓን ጨዋታ በሊኑክስ ለመጫወት ፈልጎ አልሆን ስላለው፤ የዊንዶውስን የሥዕል ትእዛዝ በ2016 ወደ ወጣው ቩልካን ወደተባለው የሥዕል ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም ራሱ ጽፎ ነበር። ቫልቭ ይህን ሰው ቀጠረው፤ ሥራውም የፕሮቶን ክፍል ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ኩባንያው በኀላፊነት የፈቀዳቸው ጨዋታዎች 27 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም አንዱ ኒር አውቶማታ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይቈይ ግን በሺህ የሚቈጠሩ የዊንዶውስ ጨዋታዎች፤ ባለቤቶቻቸው አንድ ፊደል ሳይለውጡ፤ በሊኑክስ ላይ ይሠሩ ጀመር። በፌብሩዋሪ 2022 ቫልቭ ስቲም ዴክ የተባለውን በእጅ የሚያዝ የጨዋታ ኮምፒዩተር ሲያወጣ በውስጡ ያኖረው ሊኑክስን ነበር፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ በሊኑክስ መጫወታቸውን ልብ አላሉትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነጻ ሠራተኞች በ25 ዓመት የገነቡትን ሥራ ከፍጻሜ ያደረሰው የአንድ ነጋዴ ከሌላ ነጋዴ መፍራት መሆኑ የሚገርም ነው፤ ነገር ግን እውነቱ ይህ ነው።

ታዲያ ሁሉም ተፈትቷል ማለት ነውን? አይደለም። ትርጕም የሚያሸንፈው የቋንቋን ልዩነት ነው፤ ቁልፍን አይደለም። ዛሬ ሲኒማ በዲስክ ሳይሆን በመረብ የሚታይበት ዘመን ነው፤ መቆለፊያውም ከዲስኩ ወደ መረቡ ማሰሻ ተሻግሯል። የመረቡን ሥርዓት የሚወስነው ዓለም አቀፍ ማኅበር በሴፕቴምበር 2017 መቆለፊያው ከማሰሻ ጋር የሚገናኝበትን ደንብ ሲያጸድቅ፤ ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የመብት ተሟጋች ድርጅት ተቃውሞውን ገልጦ ከማኅበሩ ወጣ። የሊኑክስ ባለቤቶች በዚህ ደንብ አማካይነት ሲኒማውን ያያሉ፤ መቆለፊያው ውስጥ ግን ምን እንዳለ ማንበብ አይችሉም።

በጨዋታም በኩል ብዙ ሰዎች በመረብ በሚወዳደሩበት ጨዋታ አጭበርባሪን የሚጠብቅ ፕሮግራም አለ። ይህ ዘበኛ በዊንዶውስ ላይ በሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በሊኑክስ እምብርቱን ራሱን ባለቤቱ ሊለውጠው ስለሚችል ዘበኛው የሚተማመንበት ወለል አያገኝም። ከዘበኛ አምራቾች ሁለቱ ታዋቂዎች በ2021 ከፕሮቶን ጋር ለመሥራት ተስማሙ፤ ፈቃዱ ግን ለየጨዋታው ባለቤት ተተወ። አንዳንዶቹ ፈቀዱ፤ ሌሎቹ እምቢ አሉ። ከፈቀዱትም መካከል ኤፔክስ ሌጀንድስ የተባለው ጨዋታ ባለቤቶች አጭበርባሪዎች ሊኑክስን መሸሸጊያ አድርገውታል በማለት በኦክቶበር 31 ቀን 2024 ፈቃዳቸውን አነሡ። ጨዋታው ከአንድ ቀን በፊት በእነዚያው ኮምፒዩተሮች ላይ በደኅና ይሠራ ነበር፤ በማግሥቱ በሩ ተዘጋ፤ በጨዋታው ውስጥ ዕቃ በገንዘባቸው የገዙ የሊኑክስ ተጫዋቾችም ንብረታቸውን በሊኑክስ ማግኘት አልቻሉም።